ሦስት መልክ፣ አንድ ድምፅ፦ በዩኪዮ ሚሺማ ላይ የተሠራው ፊልም እንዴት ታቀደ

አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ፖል ሽሬደር እ.ኤ.አ. በ1985 ለእይታ ያበቃው «ሚሺማ፦ ሕይወት በአራት ምዕራፍ» የ120 ደቂቃ ፊልም ነው። በእነዚህ 120 ደቂቃዎች ውስጥ የአንድ ጃፓናዊ ደራሲ የመጨረሻ ቀን፣ የ45 ዓመት ሕይወቱና ሦስት ልቦለዶቹ ተካትተዋል። ወረቀት ላይ ሲታይ የማይሆን ዕቅድ ይመስላል፤ ከሦስቱ ልቦለዶች አንዱ ብቻውን ሙሉ ፊልም ይወጣዋል። ያም ሆኖ ተመልካቹ አሁን የማየው ሕይወቱን ነው ወይስ ልቦለዱን ብሎ የሚደናገርበት ቦታ የለም፤ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ መገናኘታቸው በደንብ ይሰማዋል። ይህ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የተገኘ ብልሃት አይደለም። ካሜራ ከመነሳቱ በፊት በቀለም፣ በሙዚቃና በግንባታ ተከፋፍሎ የተሠራ ዕቅድ ውጤት ነው። ዕቅዱ ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን እንዳሰናከለውና ስንክልናው እንዴት እንደለወጠው እዚህ እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው

ዩኪዮ ሚሺማ የብዕር ስም ነው፤ የቤት ስሙ ኪሚታኬ ሂራኦካ ይባላል። በ1925 ቶኪዮ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አያቱ ከእናቱ ነጥለው ወሰዱትና እስከ 12 ዓመቱ ገደማ በራሳቸው ክፍል አሳደጉት። በ1945 ለጦርነት ሲጠራ ሐኪሙ ሳንባው ታሟል ብሎ በስህተት መለሰው። በ1949 «የጭንብል ኑዛዜ» የተባለው ልቦለዱ ታዋቂ አደረገው፤ ከዚያ ወዲያ ከ30 በላይ ልቦለዶችን፣ ቲያትሮችንና ድርሳናትን ጻፈ። ሰውነቱን በክብደት ማንሳት ገነባ፣ ፊልም ላይ ተወነ፣ በ1968 «የጋሻ ማኅበር» የሚባል የራሱን አነስተኛ ጦር አቋቋመ።

ኖቬምበር 25 ቀን 1970 የመጨረሻውን ልቦለዱን የመጨረሻ ገጾች ለአሳታሚው አዘጋጅቶ፣ አራት ወጣት አባላትን አስከትሎ ቶኪዮ ኢቺጋያ ወደሚገኘው የጦር ሰፈር ሄደ። የሰፈሩን አዛዥ ጄኔራል ቢሮው ውስጥ አሰሩት። ሚሺማ ሰገነት ላይ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ለተሰበሰቡ አንድ ሺህ ገደማ ወታደሮች ንግግር አደረገ። ማይክሮፎን አልነበረውም፤ የሄሊኮፕተሮቹ ድምፅና የወታደሮቹ ጩኸት ንግግሩን ዋጡት። ወደ ቢሮው ተመልሶ በጥንታዊው የሳሙራይ ሥርዓት ሕይወቱን አጠፋ።

ለፊልም ሠሪ ይህን ሕይወት ፈታኝ የሚያደርገው አሟሟቱ ብቻ አይደለም። በ1969 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው «የሚሸሹ ፈረሶች» ለንጉሠ ነገሥቱ ክብር ሲል ሴራ የሚጠነስስና በዚያው ሥርዓት የሚሞት ኢሳኦ የሚባል ወጣት ታሪክ ነው። ድርሰቱ ከድርጊቱ ቀድሟል ማለት ነው። በተለመደው መንገድ፣ ከልደት እስከ ሞት በተርታ የሚሄድ ፊልም ይህን ማሳየት አይችልም፤ መጽሐፉ በታሪኩ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ከመሆን አያልፍም።

ሦስቱ መደቦች

ሽሬደር ከወንድሙ ከሊዮናርድ ጋር የጻፈው የፊልም ድርሰት ታሪኩን በሦስት መደብ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ያ የመጨረሻ ቀን ነው፦ ማለዳ የማኅበሩን የደንብ ልብስ ከመልበስ ጀምሮ በመኪና አቋርጦ እስከ ጄኔራሉ ቢሮ። በቀለም ተቀርጿል፤ አቀራረጹ የዘገባ ፊልም ዓይነት ነው። ሁለተኛው ያለፈ ሕይወቱ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ካሜራው የረጋ፣ በቀድሞዎቹ የጃፓን ፊልሞች ወግ የተቀረጸ። ሦስተኛው ልቦለዶቹ ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ፣ እውነተኛ ቤት ለመምሰል በማይሞክር የመድረክ ግንባታ፣ እጅግ በደመቀ ቀለም።

ሦስተኛው መደብ በውስጡም ተከፋፍሏል። «የወርቁ ቤተ መቅደስ» በወርቃማና በአረንጓዴ፣ «የኪዮኮ ቤት» በሮዝና በግራጫ፣ «የሚሸሹ ፈረሶች» በብርቱካናማና በጥቁር ተሠሩ። ሙዚቃውም ይህንኑ አከፋፈል ተከተለ። ፊሊፕ ግላስ ለጥቁርና ነጩ አራት ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ መደበ፤ የተጫወተውም ክሮኖስ ኳርቴት ነው። ለ1970ው ቀን የወታደር ሰልፍ ምት ያለው የአውታርና የከበሮ ሙዚቃ፣ ለልቦለዶቹ ሰፊ ኦርኬስትራ ጻፈ።

ስለዚህ እያንዳንዱ መደብ በአራት ምልክት ይታወቃል፦ በቀለሙ፣ በካሜራው ጠባይ፣ በቦታው ዓይነት፣ በሙዚቃው። አንዱ ቢያመልጥ ሦስቱ ይቀራሉ። ሕይወትና ፈጠራን ለመቀላቀል የሚታቀዱ ብዙ ፊልሞች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ትዝታን በጥቁርና ነጭ ለይተው ይነሳሉ፤ ደራሲው በትዝታው ውስጥ የሚያልመውን ማሳየት ሲመጣ ግን ምልክቱ አልቋል። ያን ጊዜ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ገጸ ባሕርይው ያለውን ሁኔታ በአፉ እንዲያብራራ ይገደዳል። ይህ ፊልም በአራት ምልክት ስለሚሠራ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በአንድ ቁርጥ ብቻ ያለ ማብራሪያ ይሻገራል።

ሌላም ልብ የሚባል ውሳኔ አለ። ብዙውን ጊዜ ፊልም ላይ ፈጠራው ጭጋጋማ፣ ሕይወቱ ጥርት ያለ ሆኖ ይሠራል። እዚህ ተገልብጧል። የገረጣው ትዝታው ነው፤ የጠራው፣ ጠርዙ እንደ ስለት የታየው ልቦለዱ ነው። ለዚህ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ይመስለናል፤ ዘመኑን በሙሉ ከኖረው ይልቅ የጻፈውን ያመነ ደራሲ ነውና።

የትኛው ልቦለድ የት ይገባል

አራቱ ምዕራፎች «ውበት»፣ «ጥበብ»፣ «ተግባር» እና «የብዕርና የሰይፍ ስምረት» ይባላሉ። ለእያንዳንዱ በአማካይ 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ ይህም ለሕይወቱ፣ ለመጨረሻው ቀንና ለልቦለዱ ይካፈላል። በዚህ ስሌት አንድ ልቦለድ የሚያገኘው ከአንድ አጭር ፊልም የማይበልጥ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልቦለዶቹ አልተጠቃለሉም፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ገመድ ብቻ ተመዘዘ።

የምርጫው መለኪያ ልቦለዱ ከሕይወቱ ምዕራፍ ጋር አንድ ጥያቄ መጋራቱ ነው። ደካማና ገለልተኛ ሆኖ ያደገው ልጅ ባለበት ምዕራፍ፣ በውበት ፊት አንደበቱ የሚታሰር መንተባተብ ያለበት ወጣት መነኩሴ ይቀርባል። ሚሺማ ሰውነቱን መገንባት በያዘበት ምዕራፍ ስለ ቁመናው የሚጨነቅ ተዋናይ ይመጣል። ማኅበሩን ባቋቋመበት ምዕራፍ ኢሳኦና ሴረኞቹ ይገባሉ። «የኪዮኮ ቤት» አራት ዋና ዋና ወንዶች አሉት፦ ነጋዴ፣ ቦክሰኛ፣ ሠዓሊና ተዋናይ። ፊልሙ ሦስቱን ትቶ ተዋናዩን ብቻ ወሰደ። መጽሐፉን ለሚወድ አንባቢ ያስከፋል፤ ለፊልሙ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም።

አራተኛው ምዕራፍ ልቦለድ የለውም። የመጨረሻው ቀን ራሱ የልቦለዱን ቦታ ይይዛል።

ድምፁ

ምስሉ ይህን ያህል ድንበር ካለው መቀላቀሉ ከየት መጣ? ከተራኪው ድምፅ ነው። ትረካው የተወሰደው ከሚሺማ ከራሱ ጽሑፍ ነው፤ በተለይ ከ«የጭንብል ኑዛዜ» እና በ1968 መጽሐፍ ሆኖ ከወጣው «ፀሐይና ብረት» ከተባለው ድርሳኑ። የመጀመሪያው ልቦለድ ነው፤ ከደራሲው ሕይወት እጅግ የተቀራረበ ቢሆንም ልቦለድ ነው። ስለዚህ ጥቁርና ነጩ ክፍል ሕይወቱ ነው እየተባለ የሚተረከው አስቀድሞ ፈጠራ ባደረገው ቃል ነው። ልጁ በቀስት የተወጋውን ሰማዕት የቅዱስ ሴባስቲያንን ሥዕል አይቶ የሚደነግጥበት ትዕይንት ከዚያ ልቦለድ የመጣ ነው፤ ካደገ በኋላ እንደዚያ ቅዱስ ሆኖ ፎቶ የተነሳው ግን በእውነት ነው፤ ፊልሙም የፎቶ ማንሳቱን ሥነ ሥርዓት ደግሞ ሠርቶታል። የፈጠራ ትዝታ የእውነት ፎቶ ወለደ። ሁለቱም በአንድ መደብ፣ በአንድ ድምፅ ሥር ስለተቀመጡ ተመልካቹ መጋጠሚያውን አያይም።

የዚህ ዕቅድ አጥንት ይህ ነው፦ ዓይን ሁሉን ነገር ለይቶ ያያል፣ ጆሮ ሁሉን ከአንድ አፍ ይሰማል። ሁለቱም ቢለያዩ ፊልሙ ሦስት የተቆራረጡ ፊልሞች ይሆናል፤ ሁለቱም ቢቀላቀሉ ምኑም አይያዝም።

ትረካው የራሱ ችግር ነበረበት። ፊልሙ የተሠራው በጃፓንኛ፣ በጃፓናውያን ተዋንያን ነው፤ ሚሺማን የተወነው ኬን ኦጋታ ነበር። የድርሳኖቹ ዓረፍተ ነገሮች ረዣዥምና ሐሳባቸው የጠጠረ ስለሆነ ከንግግሩ ጋር በግርጌ ጽሑፍ ቢተረጎሙ ተመልካቹ ሲያነብ ምስሉ ያመልጠዋል። በመሆኑም ለአሜሪካ እይታ ትረካውን ሮይ ሻይደር በእንግሊዝኛ አነበበው፤ በጃፓንኛው ቅጂ ኦጋታ ራሱ ይተርካል። የእንግሊዝኛው ትረካ ለማየት ያመቻል፤ ነገር ግን የተዋናዩና የተራኪው አፍ ሁለት ይሆናል። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ ያየ ሰው ልዩነቱን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይረዳዋል። አንድነቱን በትረካ ላይ የሚጥል ዕቅድ ያለው ሰው የተራኪውን ቋንቋ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ መወሰን አለበት፤ ከቀረጻ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

ፈቃድ

ሕግ ላይ መሠረታዊው ልዩነት ይህ ነው፦ በአደባባይ የሆነ ድርጊት የማንም ንብረት አይደለም፤ ልቦለድ፣ ድርሳንና ደብዳቤ ግን ባለ መብት አላቸው። ስለ ኢቺጋያው ቀን ብቻ ፊልም መሥራት ይቻል ነበር። ልቦለዶቹን ለመቅረጽና ጽሑፉን ለመተረክ ግን የሚስቱ የዮኮ ፈቃድ የግድ ነበር። ሕይወትና ፈጠራን የሚያዋህድ ፊልም በባሕርዩ ራሱን ወራሾች እጅ ላይ ይጥላል ማለት ነው።

የሽሬደር የመጀመሪያ ሐሳብ በሁለተኛው ምዕራፍ «የተከለከሉ ቀለማት» የተባለውን ልቦለድ መጠቀም ነበር፤ ሚሺማ ወደ ወንዶች የነበረውን ዝንባሌ በቀጥታ የሚነካው እሱ ነውና። ወይዘሮ ዮኮ ይህን መጽሐፍ አልፈቀዱም። በምትኩ የገባው በ1959 የታተመው «የኪዮኮ ቤት» ነው። ይህ መጽሐፍ በወቅቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ አልታተመም ነበር።

ክልከላው ፊልሙን ጎዳው ወይ? በአንድ በኩል አዎ፤ የሰውየው አንድ ዋና ገጽታ ወደ ጥቂት አጫጭር ትዕይንቶች ተገፍቷል። በሌላ በኩል ምትኩ ለሁለተኛው ምዕራፍ ከተከለከለው የተሻለ ተስማማ። ተዋናዩ የእናቱን ዕዳ ለመሰረዝ ራሱን ለአራጣ አበዳሪ ሴት በውል ያስረክባል፤ ገላው የጥበብ ዕቃም የመያዣ ዕቃም ይሆናል። ሰውነቱን እንደ ሐውልት ለቀረጸ ደራሲ ከዚህ የቀረበ ጥላ አይገኝም። ፈቃድ ድርድር ላይ ሳለ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሁለተኛ ምርጫ ሊኖር የሚገባው ለዚህ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ሲወጣ ቦታውን ሊተካ የሚችለው ተመሳሳይ ጥያቄ የያዘ ሌላ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ሚሺማ ራሱ የዚህ ጉዳይ ተከሳሽ እንደነበር እዚህ ማንሳት ተገቢ ነው። በ1960 ያሳተመው «ከግብዣው በኋላ» ለቶኪዮ ገዥነት ተወዳድረው የተሸነፉትን የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሃቺሮ አሪታን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ነበረው። አሪታ ከሰሱ፤ የቶኪዮ ፍርድ ቤት በ1964 ፈረደላቸው፣ የካሳውም መጠን 800,000 የን ነበር። በጃፓን ፍርድ ቤት የግል ሕይወት መብት በግልጽ የታወቀበት የመጀመሪያው ውሳኔ ይኸው ነው። ስም መቀየር ብቻውን ጋሻ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የፍርድ ቤት መዝገብ ማግኘት ይቸግራል።

ግንባታውና ገንዘቡ

በጀቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከፊሉ ከዋርነር ብራዘርስ፣ ከፊሉ ከጃፓን መጣ፤ ታዋቂዎቹ አሜሪካውያን ፊልም ሠሪዎች ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላና ጆርጅ ሉካስ ስማቸውንና ተሰሚነታቸውን አዋጡ። በዚህ ገንዘብ የ1930ዎቹን፣ የ1950ዎቹንና የ1970ን ጃፓን ጎዳና ላይ ደግሞ መሥራት አይታሰብም። የመድረክ ግንባታው ውበት ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መፍትሔም ነበር፦ ገና ከመነሻው ምስያ የሆነ ክፍል የዘመኑን የስልክ እንጨት፣ መኪናና የሱቅ ታፔላ አይጠይቅም።

ግንባታውን የነደፈችው ኤይኮ ኢሺዮካ የማስታወቂያ ሥዕል ባለሙያ ነበረች፤ ፊልም ስትነድፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እጇ ከፖስተር የመጣ መሆኑ በግልጽ ይታያል። ኪዮቶ የሚገኘውን እውነተኛውን የወርቅ ቤተ መቅደስ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 እንደገና ተሠርቷል፤ ልቦለዱ የተነሳውም ከዚያ ቃጠሎ ነው። ኢሺዮካ ሕንጻውን ለማስመሰል አልደከመችም። መነኩሴው ከሴት ጋር ባለበት ቅጽበት ቤተ መቅደሱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታል፣ ከውስጡም ብርሃን ይፈሳል። ውበት በእሱና በሕይወት መካከል ገብቶ ሲያግደው ዓይናችን ያያል፤ ልቦለዱ ገጾች የወሰደበትን ሐሳብ ፊልሙ በአንድ ማጠፊያ ጨረሰው። በሦስተኛው ልቦለድ ደግሞ ፖሊስ ሴረኞቹን ሲከብብ የክፍሉ ግድግዳዎች በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይወድቃሉ፤ መሸሸጊያ የሚባል ነገር እንዳልነበራቸው ያን ጊዜ እናውቃለን።

እንዲህ ያለ ግንባታ የራሱ አደጋ አለው። ተዋናዩ በተፈጥሮ አኳኋን ሲጫወት በቀለም የተቀባው ግድግዳ ሐሰት ይሆናል፤ ከመጠን በላይ ሲያጋንን ደግሞ ነገሩ ቲያትር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ካሜራማኑ ጆን ቤይሊ ብርሃኑን ከግንባታው ቀለም ጋር አስተሳስሮ ስለሠራ ፊቶቹ ከግድግዳው አይነጠሉም፤ አጨዋወቱን የሚይዘው ይህ ነው።

ቋንቋ ሌላው ፈተና ነበር። ሽሬደር ጃፓንኛ አይችልም። ድርሰቱን ወንድማማቾቹ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ የሊዮናርድ ባለቤት ቺዬኮ ንግግሩን በጃፓንኛ ሠራችው። ተርጓሚ ናት ማለት ይከብዳል፤ በስም ከጸሐፊዎቹ ጋር የተቆጠረችውም በተገቢው ነው። የአንድን ደራሲ ቃና በሌላ ቋንቋ አስቦ ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስ አዲስ መጻፍ ነው።

የሚገናኙበት ቦታ

ሦስቱ ልቦለዶች በየምዕራፋቸው ፍጻሜ አያገኙም። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ወደ ሰውየው ሕይወት እንመለሳለን። ሦስቱም መጨረሻዎች ለአራተኛው ምዕራፍ ተቆጥበዋል፦ ሚሺማ ከሰገነቱ ወደ ቢሮው ሲመለስ የቤተ መቅደሱ እሳት፣ የተዋናዩ መጨረሻና ኢሳኦ ባሕሩ ዳር የሚጠብቃት ፀሐይ ተከታትለው ይመጣሉ። ተመልካቹ ሦስት ያልተከፈሉ ዕዳዎችን ይዞ ነው እዚያ የሚደርሰው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይከፈላሉ። የደራሲው አሟሟት በዝርዝር አይታይም፤ በቦታው ልቦለዱ ይገባል። ለትክክለኛነትም ለጨዋነትም ይህ ውሳኔ ከፍ ያለ ነው፦ ፊልሙ ድርጊቱን አያሞግስም፣ ሰውየው ድርጊቱን ምን አድርጎ ያስበው እንደነበር ግን ያሳያል።

ይህን ለመሥራት መቆራረጫው ድርሰቱ ላይ መወሰን ነበረበት። መጨረሻውን ማቆየት ኤዲቲንግ ላይ የሚመጣ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ልቦለድ የራሱን መዝጊያ ይዞ ይቀረጽ ነበር፤ የተዘጋን ታሪክ መልሶ መክፈት ደግሞ አይቻልም።

ከተሠራ በኋላ

ፊልሙ በ1985 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ ቤይሊ፣ ኢሺዮካና ግላስ የላቀ የጥበብ አስተዋጽኦ ሽልማት አገኙ፤ ሦስቱን መደቦች የለዩት ሦስት ሰዎች መሆናቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ያስገባው ግን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ የበጀቱ አንድ አሥረኛ። ጃፓን ውስጥ የቀኝ አክራሪዎች ዛቻና የቤተሰቡ ቅሬታ ተደራርበው በዚያው ዓመት ከቶኪዮ ፌስቲቫል እንዲወጣ ሆነ፤ መደበኛ እይታም አላገኘም። የቶኪዮ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ያሳየው በ2025፣ ደራሲው በተወለደ በ100ኛው ዓመት ነው። ገንዘቡ ከሁለት አገር ሲመጣ ከሁለቱ የአንዱ ገበያ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ እንደሚችል በሒሳቡ ውስጥ አስቀድሞ መግባት ነበረበት።

የቤተሰቡ ጥንቃቄ ለዚህ ፊልም ብቻ የተለየ አልነበረም። ሚሺማ በ1966 ራሱ አዘጋጅቶ የተወነበት አጭር ፊልም ቅጂዎች ከሞቱ በኋላ በባለቤቱ ፍላጎት እንዲጠፉ ተደርጎ ነበር፤ ኔጌቲቩ የተገኘው በ2005 ነው። በ1998 ደብዳቤዎቹን ያለ ፈቃድ ያተመ መጽሐፍ ሲወጣ ልጆቹ ከሰው ረቱ፤ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤም በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ ነው አለ።

ዛሬ በሚሺማ ላይ ሌላ ፊልም የሚያቅድ ሰው ከዚሁ ይጀምራል። ጃፓን በ2018 የቅጂ መብትን ከደራሲው ሞት በኋላ ወደ 70 ዓመት ስላራዘመች ጽሑፎቹ አገሪቱ ውስጥ እስከ 2040 መጨረሻ የወራሾቹ ናቸው። የኢቺጋያው ቀን፣ በአደባባይ የሚታወቀው የሕይወቱ ታሪክና የአሪታ ክስ መዝገብ ለማንም ክፍት ናቸው። ከልቦለድ፣ ከድርሳንና ከደብዳቤ የሚወሰድ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን፣ በተራኪ ድምፅ የሚነበብ እንኳ ቢሆን፣ የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱም ድርሰቱ ከመጠናቀቁና ቀለም ከመመደቡ በፊት መያዝ አለበት።